ኮምፒዩተሩ በስጦታ መጣ፤ ወጪውን ማን ይችለዋል?

ልጅዎ የሚማርበት ትምህርት ቤት 20 ኮምፒዩተር በስጦታ ሊያገኝ ነው እንበል። እርስዎም የወላጅ ኮሚቴ ውስጥ አሉ። የምርቃቱ ሪባን ከመቆረጡ በፊት ቢነጋገሩባቸው የሚሻሉ ጉዳዮች አሉ።

መጀመሪያ መብራት። አንድ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ 100 ዋት ገደማ ይፈልጋል። ሃያውም ሲበሩ 2 ኪሎ ዋት ይሆናል፤ የእንጀራ ምጣድ እንኳ ከዚህ በላይ ይስባል። በቀን 4 ሰዓት ቢሠሩ ቆጣሪው ላይ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጨምራሉ። ስለዚህ የመብራት ሂሳቡ ብዙም አያስፈራም። የሚያስፈራው መብራቱ ሄዶ ሲመለስ ነው። ኃይሉ ድንገት ከፍ ብሎ ሲመጣ ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥለዋል። ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን መብራት ለኮምፒዩተሩ በሚስማማው ልክ ዝቅ የሚያደርገው ሳጥን ነው።

መከላከያ የለውም? አለው። ስታቢላይዘር የኃይሉን ከፍና ዝቅ ያስተካክላል። ዩፒኤስ ደግሞ ባትሪ ያለው ሳጥን ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራዎን አስቀምጠው እስኪዘጉ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥዎታል። ባትሪው ግን ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ይደክማል። የመጀመሪያው ባትሪ ከስጦታው ጋር ይመጣል፤ ሁለተኛውን የሚገዛው ትምህርት ቤቱ ነው።

ኢንተርኔት ከሌለስ? ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ ባይቆርጥ ጥሩ ነው። አንዱን ኮምፒዩተር ሰርቨር ማድረግ ይቻላል፤ ሰርቨር ማለት ለሌሎቹ ፋይል የሚያድል ማሽን ነው። ኪዊክስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ዊኪፒዲያን ያለ ኢንተርኔት ይከፍታል። ኮሊብሪ የተባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ደግሞ የቪዲዮ ትምህርትና መልመጃ ይይዛል። አንድ ሰው ከተማ ወርዶ በሃርድ ዲስክ ጭኖ ይመጣል፤ ተማሪዎቹ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ ዋይፋይ ወይም በገመድ ይከፍቱታል። ወጪው ዲስኩና የሰውየው አበል ነው። አብዛኛው ይዘት በእንግሊዝኛ መሆኑን ግን አስቀድመው ይወቁ።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ መምህሩ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የተማረበት ሁሉ ያስታውሰዋል። ተቀርጾ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት ይመጣል፤ ዲሹ ተቀብሎ በየክፍሉ ላለው ስክሪን ያደርሳል። በስክሪኑ ያለችው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ራሷ ትመልሳለች፤ ተማሪው ገና ጥያቄውን እየጻፈ ነው። ስርጭቱ ለሁሉም በአንድ ሰዓት የሚሄድ ስለነበር የክፍሉ መምህር ሊያስቆማት አይችልም። መብራት ከጠፋ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈ ማለት ነው። ላቦራቶሪ ያልነበረው ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ ማየቱን አልክድም። ነገር ግን ተማሪዎቹን የሚያውቀው መምህር ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ፤ ለእኔ ትልቁ ጥፋት ይህ ነበር።

መሣሪያውን አምጥቶ ብቻ ውጤት መጠበቅ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስልዎ። «የ100 ዶላር ላፕቶፕ» ተብሎ በ2005 እ.ኤ.አ. የተዋወቀው የሕፃናት ኮምፒዩተር በብዛት መመረት ሲጀምር ዋጋው ወደ 190 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ፔሩ ከ800 ሺህ በላይ ገዝታ አደለች። በዚያው በፔሩ ተሠርቶ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት በሒሳብና በቋንቋ ውጤት ላይ የታየ መሻሻል አላገኘም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ቁልፉ። ዕቃው ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለት በንብረት መዝገብ ሲገባ ተጠያቂ ሰው ይኖረዋል። ማሽን ቢጠፋ የሚጠየቀው እሱ ስለሆነ ክፍሉን ቆልፎ መያዝ ይመርጣል፤ አይፈረድበትም። ስለዚህ የኮምፒዩተር ክፍሉ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ የሚከፍተው ማን እንደሆነ፣ ሲበላሽም ማን እንደሚጠየቅ በጽሑፍ ይወሰን።

ከለጋሹ ጋር ሲነጋገሩ ይህን ይሞክሩ፦ ከሃያው ይልቅ 15 ኮምፒዩተር ይምጣ፤ የአምስቱ ዋጋ ለመምህራን ሥልጠና፣ ለመለዋወጫና ለዩፒኤስ ባትሪ ይዋል። ሪባን ሲቆረጥ ለሚነሳው ፎቶ 20 ስለሚያምር ለጋሹ ሊያንገራግሩ ይችላሉ። ባይስማሙ እንኳ ጥያቄዎ በቃለ ጉባኤ መያዙን ሳያረጋግጡ ከስብሰባው አይውጡ።