ከጥጥ እስከ ጋቢ

አንባቢ ሆይ! የለበስከው ጋቢ በስንት እጅ እንዳለፈ አስበህ ታውቃለህን? እኔ የመርሳ ሸማኔ ልጅ ስለ ሆንሁ በቤታችን የማየውን ባጭሩ እገልጻለሁ።

በመጀመሪያ እናቴ ጥጡን በመዳመጫ ዳምጣ ፍሬውን ታወጣለች፤ ቀጥሎም በደጋን ነድፋ ባዘቶ ታደርገውና በእንዝርት ትፈትለዋለች። የቀረው ሥራ የአባቴ ነው። በቁመት የሚዘረጋው ፈትል ድር፣ በአግድም የሚገባው ማግ ይባላል። አባቴ እግሩን ወደ ጉድጓዱ አስገብቶ ይቀመጣል። መርገጫውን በረገጠ ጊዜ የድሩ እኩሌታ ይነሣል፣ እኩሌታውም ይወርዳል፤ በመካከሉ ማግ የያዘውን መወርወሪያ ይወረውርና ማጉን መትቶ ያጠብቀዋል። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ብቻ ስለሚደርስ ጨርቁ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ጎን ለጎን በመርፌ ይያያዛል። ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑም የወልድያን ብርድ ይችላል።

አንድ ቀን አንድ ጓደኛችን ሸማኔን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ ሲሰድብ እኔም ከሌሎቹ ጋር ሳቅሁ። ተሳዳቢው ያን ጊዜ ጋቢ ተከናንቦ ነበር። ማታ አባቴ የተበጠሰ ድር በኩራዝ ሲቀጥል አየሁና ቀና ብዬ ላየው አፈርሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን እስከ እኛ ክፍል ደረሰ። እንግዲህ ወዲህ የአባትህ ሥራ ምንድን ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፣ ድምፄን ሳልቀንስ «ሸማኔ ነው» እላለሁ።