መርሳት በዘር ይወረሳል ወይ?

አንዲት እናት ዙህርን ሰግደው እንደጨረሱ እንደገና ውዱእ ሊያደርጉ ይነሳሉ። ልጃቸው ‹‹እማዬ፣ አሁን እኮ ሰግደሻል›› ስትላቸው ይቆጣሉ። ጎረቤትም ‹‹ጃጅተዋል፤ እናታቸውም እንዲሁ ነበሩ፤ የዘር ነው›› ብሎ ያልፋል። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ እንዲህ ያለውን ያልሰማ ቤተሰብ ጥቂት ነው። በልጆቹ ልብ ውስጥ ግን ‹‹ነገ የእኛም ዕጣ ይኸው ይሆን?›› የሚል ስጋት ይቀራል።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከዚህ ዓይነቱ የእርጅና ድካም በአላህ ይጠበቁ ነበር። ቀደር የአላህ ነው፤ ሰበብ ማድረስ ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው።

ዘር ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች ‹‹አፖኢ 4›› የተባለው ዘረ መል አልዛይመር ለተባለው ዋነኛ የመርሳት በሽታ እንደሚያጋልጥ ደረሱበት። የዚህ ዘረ መል ሥራ በሰውነት ውስጥ ስብና ኮሌስትሮልን ማመላለስ ነው። ከምግብ ጋር የሚገናኘውም በዚህ በኩል ነው።

በናይጄሪያ ኢባዳን ከተማ የሚኖሩ ዮሩባዎችና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁሮች ለአምስት ዓመት ያህል ተጠንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ውጤት መሠረት፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ከሆኑት መካከል በየዓመቱ በመርሳት በሽታ የተያዙት በኢባዳን 1.35 በመቶ፣ በኢንዲያናፖሊስ ግን 3.24 በመቶ ነበሩ። ዘረ መሉ በዮሩባዎቹም ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ደካማ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ለልዩነቱ ከጠረጠሯቸው ምክንያቶች አንዱ ስብ ያልበዛበት አመጋገባቸው ነው። ምግብ ብቻውን ምክንያት ነው ማለት ባይሆንም፣ ዘር ብቻውን ፈራጅ እንዳልሆነ ግን ያሳያል።

ታዲያ የእኛ ማዕድ እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው ይመገባል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። ጨው ሲበዛ ደም ግፊት ይመጣል፤ ደም ግፊት ደግሞ የአንጎልን ደም ሥሮች ቀስ በቀስ ይጎዳል።

ስለዚህ እህቶች፣ ከድስቱ ጨውና ዘይት ቀንሱ። የአዊ ማሳ ገብሱን፣ ባቄላውንና ጎመኑን አልነፈገንም። ወንድሞች፣ አርባ ዓመት ሳይሞላችሁ ደም ግፊታችሁን ተለኩ። መስጊድ በእግራችሁ ሂዱ።

የረሱትን እናት ግን አንቆጣ። አሥር ጊዜ ቢጠይቁን አሥር ጊዜ እንመልስ፤ እኛም በልጅነታችን ከዚያ በላይ ጠይቀናቸዋልና። አላህ ወላጆቻችንን ይዘንላቸው፤ አሚን።