የቆጣሪ ኪራይ ሲቀር ሒሳቡ ወደ ማን ይዞራል?

በውሃ ሒሳብ ደረሰኝ ላይ “የቆጣሪ ኪራይ” የሚለው መስመር አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ገንዘብ የሚጻፍበት በመሆኑ ብዙ ደንበኛ ልብ አይለውም። ዳሩ ግን መስመሩ ቢሰረዝ ውሃ አቅራቢው መሥሪያ ቤት የሚያስፈልገው ገንዘብ አይቀንስም፤ ሸክሙ ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ይዛወራል እንጂ። የአሜሪካዋ ሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1993 ወርሃዊውን ቋሚ ክፍያ አንስታ የገጠማት ይህንኑ ያስረዳል።

ክፍያው ለምን መጣ?

ግድብ፣ ማጣሪያ ጣቢያ፣ ዋና ቧንቧና የቆጣሪ አንባቢ ደመወዝ ደንበኛው ቧንቧውን ከፈተውም ዘጋው የማይቀሩ ወጪዎች ናቸው። የኢኮኖሚክስ ባለሙያዎች ቋሚ ወጪ ይሏቸዋል። በቆጣሪ ላይ የሚጣለው ወርሃዊ ክፍያም ከዚህ ወጪ የተወሰነውን ለመሸፈን የታሰበ ነው። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ክፍያው በቆጣሪው ስፋት ይለያያል። ባለ 1 ኢንች ቆጣሪ ከባለ 5/8 ኢንቹ ሁለት ተኩል እጥፍ፣ ባለ 2 ኢንቹ ደግሞ ስምንት እጥፍ ውሃ የማሳለፍ አቅም እንዳለው ስለሚታሰብ፣ ክፍያውም በዚሁ መጠን ከፍ እንዲል ይደረጋል።

ስሌቱ ሲታይ

የቆጣሪ ኪራይ በወር 20 ብር፣ የአንድ ሜትር ኩብ ውሃ ዋጋ 5 ብር ነው እንበል። 4 ሜትር ኩብ የተጠቀመ ቤተሰብ በጠቅላላው 40 ብር ይከፍላል፤ አንዱ ሜትር ኩብ 10 ብር ወጣበት ማለት ነው። 40 ሜትር ኩብ የተጠቀመ ሆቴል ደግሞ 220 ብር ሲከፍል አንዱ ሜትር ኩብ 5 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ይደርስበታል። ኪራዩ ቀርቶ ያንኑ 260 ብር ከውሃው ብቻ ለመሰብሰብ ዋጋው ወደ 5 ብር ከ91 ሳንቲም ከፍ ይላል። የቤተሰቡ ሒሳብ ወደ 24 ብር ይወርዳል፤ የሆቴሉ ወደ 236 ብር ይወጣል።

ይሁንና ሁለቱም ፍጆታቸውን በሩብ ቢቀንሱ መሥሪያ ቤቱ በቀድሞው ታሪፍ 55 ብር ያጣ የነበረው አሁን 65 ብር ያጣል። የቋሚው ክፍያ መቅረት ቁጠባን ሲያበረታታ የገቢ ዋስትናን ያሳሳል።

የሎስ አንጀለስ እርምጃ

እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1992 ካሊፎርኒያ በድርቅ ተመታች። የሎስ አንጀለስ ነዋሪ ቆጥብ ተብሎ ሲቆጥብ የከተማው የውሃና ኃይል መሥሪያ ቤት ገቢ አሽቆለቆለ፤ መሥሪያ ቤቱም ታሪፍ ይጨመርልኝ አለ። ስለቆጠበ የተቀጣ የመሰለው ሕዝብ ተቆጣ። በዚህ ጊዜ ከንቲባ ቶም ብራድሌይ ታሪፉን የሚያጠና የዜጎች ኮሚቴ አቋቋሙ። በ1993 ሥራ ላይ የዋለው ታሪፍ ቋሚውን ክፍያ አስቀርቶ ገቢው በሙሉ ከተሸጠው ውሃ እንዲገኝ አደረገ። ዋጋውም በሁለት እርከን ተከፈለ። ከወሰኑ በላይ የሚሄደው ፍጆታ ከተማዋ ተጨማሪ ውሃ ለማግኘት በሚያስወጣት ዋጋ እንዲታሰብ ተወሰነ።

ብዙም ሳይቆይ ተቃውሞ ተነሳ። በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ሙቀቱ ከባሕር ዳርቻው ሰፈሮች ይበልጣል፤ የቤት ይዞታውም ሰፊ ነው። የእርከኑ ወሰን ለሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ስለነበር የሸለቆው ነዋሪዎች በበጋ ከባድ ሒሳብ መጣባቸው። በአዲሱ ከንቲባ በሪቻርድ ሪዮርዳን ዘመን ጉዳዩ እንደገና ተጠንቶ በ1995 ወሰኑ በይዞታው ስፋት፣ በአካባቢው ሙቀትና በቤተሰቡ ቁጥር እንዲለያይ ተደረገ። በ2016 ደግሞ የመኖሪያ ቤቶች እርከን ወደ አራት ከፍ ብሏል። ሽያጭ ሲያንስ የጎደለውን ገቢ የሚያካክስ የዋጋ ማስተካከያም አለ። ስለዚህ ቋሚው ክፍያ ቢቀርም ቋሚው ወጪ በሌላ በር ተመልሶ መግባቱ አልቀረም።

ለባለንብረት ያለው ትርጉም

ታሪፍ በእርከን በሚጨምርበት ከተማ ሁሉ የ1995ቱ ማስተካከያ ትኩረት ይስባል። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ ቢጠቀሙ የእያንዳንዳቸው ፍጆታ ጥቂት ቢሆንም ድምሩ ከፍተኛው እርከን ውስጥ ሊገባ ይችላል። የቆጣሪ ኪራዩን ለአምስት በመካፈል የሚያተርፉትን በእርከኑ ከዚያ አብልጠው ሊከፍሉት ይችላሉ። በመሆኑም የኪራይ ቤት የሚሠራ ባለሀብት ለየቤቱ ቆጣሪ ከማስገባቱ በፊት ኪራዩን ብቻ ሳይሆን የእርከኑን ወሰንም አብሮ ማስላት ይኖርበታል። ታሪፍ አውጪውም በበኩሉ ከአንድ ቆጣሪ ጀርባ ስንት ቤተሰብ እንዳለ ሳይቆጥር ወሰን ቢያስቀምጥ፣ ለድሃው የታሰበው ርካሽ እርከን የሚደርሰው የራሱ ቆጣሪ ላለው ይሆናል።