ሚኒመሙን እየከፈላችሁ የክሬዲት ካርድ ዕዳው ለምን አያልቅም?

አሜሪካ የምትኖሩ አዲስ ተመራቂዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ተማሪ እያላችሁ ለመጽሐፍ፣ ለቤት ኪራይ፣ ሲብስም ለምግብ ክሬዲት ካርድ ተጠቅማችኋል። አሁን ሥራ ይዛችኋል፤ ካርዱ ላይ ግን 3,000 ዶላር ዕዳ አለ እንበል። በየወሩ ሚኒመሙን ትከፍላላችሁ፣ ዕዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ለምን?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የካርዱ ዓመታዊ ወለድ 24 በመቶ ከሆነ በወር ወደ 2 በመቶ ይመጣል። የ3,000 ዶላር የወር ወለድ 60 ዶላር ገደማ ነው ማለት ነው። ብዙ ባንኮች ሚኒመሙን የሚያወጡት የወሩን ወለድ ከዕዳው 1 በመቶ ጋር ደምረው ነው፤ ስለዚህ 90 ዶላር ይጠይቋችኋል። ከዚህ ውስጥ 60ው ለወለድ ይሄዳል፣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 30 ዶላር ብቻ ነው። ዕዳው ሲቀንስ ደግሞ ሚኒመሙም አብሮ ይቀንሳል። እሱን ብቻ ተከትላችሁ ከሄዳችሁ ለመጨረስ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጅባችኋል።

አሁን ካርዱን መጠቀም አቁማችሁ፣ የምትከፍሉትን ራሳችሁ ወስኑ፦

👉 በወር 90 ዶላር ሳትቀንሱ፦ 56 ወር ገደማ፣ ወለዱ ወደ 2,000 ዶላር
👉 በወር 150 ዶላር፦ 26 ወር ገደማ፣ ወለዱ ወደ 870 ዶላር
👉 በወር 250 ዶላር፦ 14 ወር ገደማ፣ ወለዱ ወደ 465 ዶላር

የራሳችሁን ቁጥር ለማወቅ ስቴትመንታችሁን ክፈቱ። በ2009 የወጣው የክሬዲት ካርድ ሕግ ባንኮች ሁለት ነገር እንዲጽፉ ያስገድዳል፦ ሚኒመሙን ብቻ ብትከፍሉ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ፣ እና በ3 ዓመት ለመጨረስ በወር ስንት እንደሚያስፈልግ። አፑ ላይ ያለውን የክፍያ ቁልፍ ብቻ አይታችሁ አትለፉ።

ከአንድ በላይ ካርድ ካላችሁስ? ለሁሉም ሚኒመሙን ክፈሉና የተረፈችውን በሙሉ ወለዱ ከፍ ያለው ላይ አሳርፉ። እሱ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው እለፉ። አብዛኞቹ የፌደራል የትምህርት ብድሮች ከምርቃት በኋላ የ6 ወር ፋታ ይሰጣሉ፤ ያን ጊዜ ካርዱን ለመቀነስ ተጠቀሙበት።

እቁብ የምትጥሉም ልብ በሉ። ዕጣው ቀድሞ ከደረሳችሁ ወለድ የሌለው ብድር አገኛችሁ ማለት ነው፤ ቀጥታ ካርዱ ላይ ክፈሉት። መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን ገንዘባችሁ እቁብ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦ ካርዱ 24 በመቶ እየበላችሁ ነው። ዳኛውን አነጋግሩ፣ ተራ የሚለውጣችሁ ሰው አይጠፋም።

አገር ቤት ገንዘብ ስትልኩ ደግሞ በዴቢት ካርድ ወይም ከባንክ አካውንት ይሁን። በክሬዲት ካርድ ስትልኩ ብዙ ባንኮች ጥሬ ገንዘብ እንደወሰዳችሁ ይቆጥሩታል፤ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። እናት 200 ዶላር ሲደርሳቸው፣ እናንተ ላይ የሚቆጠረው ከዚያ በላይ ነው። ለጊዜው ትንሽ ቀንሶ መላክና ምክንያቱን በግልጽ መናገር አያሳፍርም። ልጄ በዕዳ ተይዞ ይላክልኝ የሚል ወላጅ የለም።

ለዚህ ወር ጭራሽ ካልሞላላችሁ አትደበቁ። የመክፈያው ቀን ሳያልፍ ባንኩ ጋር ደውላችሁ ችግራችሁን ተናገሩ፤ ወለድ የሚቀንሱበት ወይም ጊዜ የሚሰጡበት አሠራር ያላቸው አሉ። ክፍያው 30 ቀን ካለፈው ግን ክሬዲት ሪፖርታችሁ ላይ ሊመዘገብ ይችላል፣ ቤት ስትከራዩም መኪና ስትገዙም ይከተላችኋል። "ዕዳችሁን እናጠፋለን፣ መጀመሪያ ግን ክፈሉን" ከሚሉም ራቁ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፦ ስቴትመንቱን ክፈቱና ከሚኒመሙ በላይ የሆነ፣ የምትችሉትን ቁጥር መርጣችሁ አውቶ ፔይ ላይ አስገቡት።

ለተመረቀ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።