ተጠባባቂ ቁጥር 20

የስምንተኛ ክፍል ፈተና ያለፈች አንዲት የገለምሶ ተማሪ በዓይነ ኅሊናችን እንሣል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደብረ ብርሃን ላይ ሥራ እንደጀመረው እንደ ኃይሌ-ማናስ አካዳሚ ያሉ የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን የሰማችው ዘግይታ ነው። ወሬው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ጭሮ እስኪደርስ፣ ከዚያም ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ ገለምሶ እስኪዘልቅ ቀናት ያልፋሉ። የትምህርት ማስረጃ ማስፈረም፣ ፎቶግራፍ መነሣት፣ ኢንተርኔት ቤት መፈለግም አለ። ስለዚህ ለአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት የላከችው ማመልከቻ ከሁሉም በኋላ ገባ። ከሳምንታት በኋላ የደረሳት መልስም «ተቀብለንሻል» ወይም «አልተቀበልንሽም» የሚል ሳይሆን «ተጠባባቂ ቁጥር 20 ነሽ» የሚል ሆነ።

አባቷ «ይህማ የጨዋ እምቢታ ነው» ይላሉ። እኛ ደግሞ እርሳስ አንሥተን እናስላው እንላለን።

በቀድሞው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የተከፈተው የኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና በ1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ከየጠቅላይ ግዛቱ አዳሪ ተማሪዎችን ሲቀበሉ፣ የተማሪው ምርጫ እጅግ ጠባብ ነበር። ዛሬ አንድ ጎበዝ ተማሪ በሁለትና በሦስት ቦታ ያመለክታል፤ የሚማረው ግን በአንዱ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚቀር አስቀድሞ አያውቅም። ተጠባባቂ ዝርዝር የሚወለደው ከዚህ አለማወቅ ነው።

ለምሳሌ ያህል ትምህርት ቤቱ 60 አልጋ አለው እንበል። ጥሪ ከሚደርሳቸው ከ4ቱ 3ቱ እሺ ይላሉ፤ ተጠባባቂዎችም እንደዚሁ። ለ60 ተማሪዎች ጥሪ ቢላክ በአማካይ 15ቱ ይቀራሉ። እንግዲህ ቁጥር 20 ተስፋ የላትም ማለት ነው? አይደለም! ከእርሷ በፊት ካሉት 19 ተጠባባቂዎችም የሚቀሩ አሉና። እርሷ የምትጠራው ከፊቷ ካሉት 79 ተማሪዎች ቢያንስ 20ው ከቀሩ ነው። የ79 ሩብ 19.75 ስለሆነ ዕድሏ ግማሽ ያህል ይሆናል። በዚያው ስሌት የቁጥር 10 ዕድል ከ100 ከ98 ይበልጣል፤ የቁጥር 30 ግን ወደ 4 ገደማ ያሽቆለቁላል። ከተራራ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል እንደማየት ነው።

በእርግጥ ስሌታችን እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይወስናል ብሎ ይነሣል። ሌላ ትልቅ ትምህርት ቤት በዚያው ሳምንት ስም ዝርዝሩን ቢያወጣ ብዙዎች በአንድ ጊዜ ስለሚሸሹ ወረፋው በድንገት ይፈጥናል።

ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ የተባሉ የሒሳብ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ችግር አንሥተዋል። በእነርሱ ዘዴ ትምህርት ቤቱ የተሻሉትን አመልካቾች በተጠባባቂነት ይይዛል፤ የተሻለ ሲመጣ የመጨረሻውን ይለቃል፤ የተለቀቀውም ወደሚቀጥለው ምርጫው ያመለክታል። እስከ ፍጻሜው ድረስ ሁሉም ተጠባባቂ ነው። ማን ቀድሞ እንዳመለከተም ውጤቱን አይለውጠውም። ኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 በዚህ ሐሳብ የተመሠረተ የሁለተኛ ደረጃ ምደባ ስትጀምር፣ ባልመረጡት ትምህርት ቤት የተመደቡት ተማሪዎች ከ30,000 ገደማ ወደ 3,000 ገደማ ወረዱ። ሻፕሊና አልቪን ሮት በ2012 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ጌል ግን በ2008 አርፎ ነበር።

የግል አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአንድ ማእከል ስለማይመድቡ ጥያቄው ለእያንዳንዳቸው መቅረብ አለበት፦ ዝርዝሩ የተደረደረው በውጤት ነው ወይስ በማመልከቻ ቀን? በውጤት ከሆነ መዘግየቷ አልጎዳትም። በቀን ከሆነ ግን የገለምሶ ልጅ የተቀጣችው በመንገዱ ርቀት ነው፤ ይህም በእኛ እምነት ፍትሐዊ አይደለም።

የጥበቃው ጭንቀትስ? በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተደረገና በ2016 የታተመ ጥናት 45 ፈቃደኞችን የኮምፒዩተር ጨዋታ አጫወተ፦ ከድንጋዩ ሥር እባብ ካለ እጃቸውን ቀላል ኤሌክትሪክ ይነዝራቸዋል። እጅግ የተጨነቁት መነዘራቸውን በእርግጠኝነት ያወቁት ሳይሆኑ ዕድሉ እኩል በእኩል የሆነባቸው ነበሩ። የእኛዋ ቁጥር 20 የቆመችው እዚያው ላይ ነው! እንቅልፍ ማጣቷ ከድክመት አይቆጠርም።

ስለዚህ ጥርጣሬውን የሚቀንስ ቁጥር ትፈልግ። ባለፈው ዓመት ጥሪው እስከ ስንተኛው ተጠባባቂ ደረሰ? ዝርዝሩ የሚዘጋው በየትኛው ቀን ነው? እስከዚያ ድረስ ገለምሶ በሚገኘው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ትመዝገብ፤ ከዚያ መውጣት ቢመጣ መሸኛ ማጻፍ ነው። ለአዳሪው ትምህርት ቤትም አሁንም መምጣት እንደምትፈልግ በጽሑፍ ታሳውቅ። ጥሪው ሲመጣ የመልስ ጊዜው አጭር ሊሆን ስለሚችል፣ ኔትወርክ በሚጠፋበት ቀን የሚገኝ የአጎት ወይም የመምህር ስልክ ቁጥር ጨምራ ትላክ።