መኪናን በሩቅ ሆኖ ለገዢ የማሳየት ሙያ

በዘመናችን ከተፈጠሩት ልዩ ልዩ ሙያዎች አንዱ የዲጂታል ንግድ ንድፍ አውጪነት ነው። የመኪና አምራች ኩባንያዎችም ይህን የሚያውቁ ባለሙያዎች ይቀጥራሉ። ንድፍ አውጪ ሲባል የመኪናውን አካል የሚቀርጽ መሐንዲስ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን አይደለም። ይህ ባለሙያ የሚነድፈው መኪናውን ሳይሆን መኪናው የሚሸጥበትን የኢንተርኔት ገጽ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ሥራው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመልከት ይጠቅማል። የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ከ1914 እስከ 1925 ድረስ በጥቁር ቀለም ብቻ ይሠራ ስለ ነበረ ገዢው በምርጫ አይቸገርም ነበር። ዛሬ ግን ምርጫው እጅግ በዝቷል። ለምሳሌ አንድ መኪና 8 ዓይነት ቀለም፥ 4 ዓይነት ቸርኬ፥ 5 ዓይነት የወንበር ልብስና 3 ዓይነት ሞተር ቢኖረው፥ እነዚህ ሲባዙ 480 ልዩ ልዩ መኪና ይሆናል። ይህን ሁሉ በአንድ መደብር ደርድሮ ማሳየት አይቻልም። ከዚህም በላይ አንዳንዱ ቸርኬ ከአንዳንዱ ሞተር ጋር አብሮ አይሠራም። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ገዢው በስልኩ ላይ ደረጃ በደረጃ እንዲመርጥ፥ የማይሆነውንም ሲነካ ምክንያቱ ወዲያው እንዲነገረው አድርጎ ገጹን ያሰናዳል።

ባለሙያው ስለ ሰው ዐይንም ማወቅ አለበት። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑት 100 ወንዶች ውስጥ 8 ያህሉ ቀይንና አረንጓዴን በደንብ አይለዩም። ስሕተትን በቀይ ቀለም ብቻ የሚያመለክት ገጽ እነዚህን ሰዎች ያሳስታል፤ ስለዚህ ከቀለሙ ጋር ቃል መጨመር ያስፈልጋል።

ሕግንም ማወቅ ግድ ነው። የፎርድ ኩባንያ ያገለገሉ መኪናዎችን በኢንተርኔት ገጹ አማካይነት ለሕዝብ ሲያቀርብ፥ የአሜሪካው የቴክሳስ ግዛት አምራች ነጋዴ ሊሆን አይችልም ብሎ ከለከለው። ኩባንያው ቢከስም የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2001 ለግዛቱ ፈረደለት። እንግዲህ በአንዱ አገር የሚፈቀደው ገጽ በሌላው ይከለከላል ማለት ነው።

ይህ ሥራ በሩቅ ሆኖ ሊሠራ የሚችለው መሣሪያው ኮምፒዩተር ብቻ ስለ ሆነ ነው። ፊግማ በተባለው ፕሮግራም በተለያየ ከተማ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ በአንድ ንድፍ ላይ ይሠራሉ፤ አንዱ ሲስል ሌላው ያየዋል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ብዙውን የቢሮ ሠራተኛ ወደ ቤቱ ከመለሰ ወዲህ ልማዱ ተስፋፋ። ነገር ግን የጸና አይደለም። ጀኔራል ሞተርስ በ2021 ሥራቸው የሚፈቅድላቸው ሠራተኞች ባሉበት ሆነው እንዲሠሩ ቢፈቅድም፥ በ2023 ብዙዎቹን በሳምንት 3 ቀን ቢሮ እንዲገቡ አድርጓል።

ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን ይህ ነው። ገዢው መኪናውን አልዳሰሰውም፤ ንድፍ አውጪውም በቤቱ ተቀምጦ ምናልባት ገብቶበት አያውቅም። ሁለት ሩቅ ሰዎችን የሚያገናኛቸው ገጹ ብቻ ነው። አባቶቻችን «ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» ይላሉ፤ እዚህ ግን ዐይን የሚያየው ንድፍ አውጪው ያሳየውን ብቻ ነው። የቴስላ ኩባንያ፥ ባለቤቱ ወደ ፊት ከቤንዚን ይተርፈዋል ተብሎ የተገመተውን ገንዘብ ከዋጋው ቀንሶ በገጹ ላይ በጉልህ ያሳይ ነበር። የሚከፈለው ሙሉ ዋጋም በዚያው ይገኝ ነበር፤ ሆኖም ቸኩሎ የሚያነብ ሰው አነስተኛውን ቍጥር ዋጋው ነው ብሎ ሊይዘው ይችላል። ለብዙ ቤተ ሰብ መኪና ከቤት ቀጥሎ ትልቁ ግዢ ስለ ሆነ፥ የአንድ ቍጥር አቀማመጥ የብዙ ዓመት ዕዳ ሊያስከትል ይችላል።

ስለዚህ ይህን ሙያ የምንመኝ ተማሪዎች ሥዕልና ኮምፒዩተር ብቻ ይበቃናል አንበል። ሒሳብ ምርጫውን ለመቍጠር፥ ቋንቋ ነገሩን ግልጽ ለማድረግ፥ ሕግም ወሰንን ለማወቅ ያስፈልጋሉ። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ፊቱን ለማናየው ገዢ ታማኝ መሆን ያስፈልጋል።