ረጅም ትራያትሎን በብርድና በንፋስ፦ «ዶክተር፣ ምን ልልበስ?»

 

ስዊድን የሚኖር አንድ ተከታታያችን ሰሞኑን በኢንቦክስ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ «ዶክተር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ርቀት ትራያትሎን ልወዳደር ነው። የአየር ትንበያው 8 ዲግሪ፣ ዝናብና ኃይለኛ ንፋስ ይላል። ምን ልልበስ?»

ሳነበው ፈገግ አልኩ። እኔም በጊዜው የጠየቅሁት ይህንኑ ብቻ ነበር፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ። የልብሱን ነገር እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ብርድ ሰውን በውድድር መሃል መቼና እንዴት እንደሚይዘው ልንገራችሁ።

ለማታውቁት፣ ትራያትሎን ማለት ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ሳይቋረጥ በተከታታይ የሚደረጉበት ውድድር ነው። ሙሉው ርቀት 3.8 ኪሎሜትር ዋና፣ 180 ኪሎሜትር ሳይክል፣ በዚያ ላይ 42.2 ኪሎሜትር ሩጫ ነው። አዎ፣ መጨረሻው ሙሉ ማራቶን ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን! የግማሹ ርቀት 1.9፣ 90 እና 21.1 ኪሎሜትር ነው።

እኔ የሞከርኩት ግማሹን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትምህርት አውሮፓ በነበርኩበት ጊዜ መሆኑ ነው። ጠዋት አየሩ 7 ዲግሪ፣ የሐይቁ ውሃ ደግሞ 15 ዲግሪ ነበር። ዋናውን በደንብ ጨረስኩ። ከውሃ ወጥቼ ሳይክሌ ጋ ስደርስ ጃኬቴ ከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። መጥረግና መልበስ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል ብዬ ተውኩት። ከነእርጥበቴ፣ በስስ ማልያ ወጣሁ። ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ!

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምንም አልመሰለኝም። 60ኛው ኪሎሜትር አካባቢ የጄል ፓኬት ለመቅደድ ብሞክር ጣቶቼ እምቢ አሉ። በጥርሴ ሞከርኩ፣ ወደቀብኝ፣ «ግድ የለም» ብዬ ቀጠልኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ሳይክሉን አስረክቤ የሄልሜቴን ማሰሪያ መፍታት ሲያቅተኝ ነው። አንዲት በጎ ፈቃደኛ አሮጊት ፈቱልኝና «ቁጥርህ ስንት ነው?» አሉኝ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም። ቁጥሩ እኮ ክንዴ ላይ ተጽፏል! «ደህና ነኝ፣ ሐኪም ነኝ» አልኳቸው። እሳቸው ምንም ሳይመልሱ የሕክምና ቡድኑን ጠሩ። ሲለኩኝ የውስጥ ሙቀቴ 34.6 ነበር። (በየት በኩል እንደለኩኝ አትጠይቁኝ። በብርድ ጊዜ የጆሮና የግንባር መለኪያ አይታመንም፤ ሌላውን እናንተ ገምቱ።)

የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ሃይፖሰርሚያ እንለዋለን። 34.6 የማንኛውም ታካሚ ቁጥር ቢሆን ኖሮ ሳልጠራጠር ካርዱ ላይ እጽፈው ነበር። ራሴ ላይ ግን አላየሁትም፤ ጭራሽ «ለምን አስቆማችሁኝ» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ስንፍና አይደለም፤ ብርድ አእምሮን የሚያደነዝዘው ሰውየው መደንዘዙን ሳያውቅ ነው። መዳኛችን ሌላ ሰው ነው ወይም ቀድሞ የተወሰነ ውሳኔ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ምድጃው መቼ ነው የሚጠፋው?

ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በኃይል የሚጋልብ ወይም የሚሮጥ ሰው ተንቀሳቃሽ ምድጃ ነው። በሁለተኛው ሰዓት ብርድ የማይሰማን ለዚህ ነው። አደጋው የሚመጣው በአምስተኛው፣ በስምንተኛው ሰዓት ነው። ጉልበት ያልቃል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ምድጃው ይቀዘቅዛል። ንፋሱና እርጥበቱ ግን እንዳሉ ናቸው። መንቀጥቀጥ ራሱ ስኳር የሚበላ ሥራ ነው፤ ሳይበላ የቆየ ሰው በደንብ መንቀጥቀጥ እንኳ ያቅተዋል። «በብርድ የመጀመሪያው ልብስ ምግብ ነው» የምለው ለቀልድ አይደለም።

በዚህ ላይ ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ያሸሻል። እርጥብ ማልያ ለብሶ በንፋስ መጋለብ ማለት ቀዝቃዛ ፎጣ ተጠቅልሎ ቬንቲሌተር ፊት እንደመቀመጥ ነው። ለምሳሌ አየሩ 5 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 35 ኪሎሜትር ብትጋልቡ ቆዳችሁ የሚሰማው 0 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያውም ደረቅ ሆናችሁ። ንፋሱ ከፊት ከመጣ ደግሞ የሱም ፍጥነት በላዩ ይደመራል።

በቀጫጭኖቹ ላይ ይብሳል። ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ብርድ ልብስ ነው፤ ጎበዝ ሯጭ ደግሞ ይህ ብርድ ልብስ የለውም። በ2018 የቦስተን ማራቶን በብርድ፣ በከባድ ዝናብና ከፊት በሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ ሲሮጥ የኛዋ ማሚቱ ዳስካ ለረጅም ጊዜ ብቻዋን ስትመራ ቆይታ በመጨረሻ ተቀደመች። ብዙ ታላላቅ ሯጮችም አቋረጡ። አሸናፊዋ ዴዚሬ ሊንደን በ2 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ነው የገባችው፤ ሁለተኛ የወጣችው ሳራ ሴለርስ ደግሞ ሙሉ ጊዜዋን በሆስፒታል የምትሠራ የሰመመን ነርስ ነበረች! የሙያ ባልደረቦቼ፣ ኩሩ።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። ግንቦት 2013 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ሜይ 22 ቀን 2021) በቻይና ጋንሱ ግዛት በተደረገ የ100 ኪሎሜትር የተራራ ሩጫ ላይ 172 ሰዎች ተነሱ። እኩለ ቀን አካባቢ አየሩ ድንገት ተለወጠ፤ በረዶ፣ ቀዝቃዛ ዝናብና ማዕበል የመሰለ ንፋስ መጣ። ብዙዎቹ ቁምጣና ስስ ማልያ ነበር የለበሱት። 21 ሯጮች ሞቱ። ከሟቾቹ መካከል በቻይና ስመ ጥር የነበረው ሊያንግ ጂንግ ይገኝበታል። አንድ በግ ጠባቂ ስድስት ሰዎችን ወደ ዋሻ አስገብቶ፣ እሳት አንድዶ አተረፋቸው። ቦታው በረሃማ ነበር፣ ወሩም የፀደይ ወር። ሰው ለመሞት የግድ የሳይቤሪያ ብርድ አያስፈልገውም፤ እርጥበት፣ ንፋስና ድካም ከተገናኙ ይበቃል። ይህን የምለው በክረምት ዝናብ እንጦጦ ላይ ለምትጋልቡና ራስ ዳሽንን ለመውጣት ለምታስቡም ጭምር ነው።

ውሃው ውስጥ

የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ደቂቃዎች ከሃይፖሰርሚያ በፊት የሚመጣ ሌላ አደጋ አላቸው። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳን ሲነካ ሳትፈልጉት ትንፋሻችሁ ይቆራረጣል፣ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይሻቅባል። ይህ ድንጋጤ ውሃ ያስተነፍሳል፤ ድብቅ የልብ ችግር ያለበትን ሰው ደግሞ የልብ ምቱን ሊያዛባው ይችላል። በአሜሪካ ከ1985 እስከ 2016 የተደረጉ ትራያትሎኖችን የመረመረ ጥናት 135 ሞትና ድንገተኛ የልብ መቆም መዝግቧል፤ ከነዚህ 90ዎቹ የደረሱት በዋናው ላይ ነው። ሁሉም በብርድ ምክንያት ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ዋናው ከሁሉም አደገኛው ክፍል መሆኑን እወቁት።

ስለዚህ ፊሽካው ሳይነፋ፣ አዘጋጆቹ ከፈቀዱ፣ ውሃውን ቀድማችሁ ተለማመዱ፤ ፊታችሁንና አንገታችሁን አርጥቡ፣ ትንፋሻችሁ እስኪረጋጋ ጠብቁ። ዌትሱት የሚባለውን የጎማ ልብስ ልበሱ፣ ሁለት ኮፍያ ደርቡ፣ ጆሯችሁንም ድፈኑ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ጆሮ ከገባ ያዞራል። መሃል ላይ ትንፋሽ ካጠራችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉና እጃችሁን አውጡ። የነፍስ አድን ጀልባ ይዞ ማረፍ፣ ወደፊት እስካልተጓዛችሁበት ድረስ፣ በአብዛኛው ውድድር የተፈቀደ ነው። እየዋኛችሁ ሳል ከያዛችሁ፣ ደረታችሁ ከተንኮረኮረ ወይም ሮዝ መልክ ያለው አክታ ካያችሁ ሳንባችሁ ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ሊሆን ይችላል። በቃ፣ እዚያው ውጡ። «ሩጫው ላይ ይሻለኛል» የሚባል ነገር የለም።

ሳይክሉ ላይ

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። ከውሃ ከወጣችሁ በኋላም የውስጥ ሙቀት ለጥቂት ጊዜ መውረዱን ይቀጥላል፤ ከእጅና ከእግር የቀዘቀዘ ደም ወደ መሃል ይመለሳልና። በዚህች ሰዓት ነው እርጥብ ማልያ ለብሶ ንፋስ ውስጥ የሚገባው! እጅ ሲደነዝዝ ፍሬን መያዝ፣ ማርሽ መቀየር፣ ምግብ መክፈት ሁሉ ይቀራል። ስለዚህ ጄሉን ትታችሁ ያልታሸገ ነገር ኪስ ውስጥ ያዙ፦ ቴምር፣ ቁራሽ ሙዝ፣ ከፈለጋችሁም የበሶ ጭብጦ። ጭብጦ በደነዘዘ እጅም ይበላል። ግን በልምምድ ሳትሞክሩት የውድድር ቀን አትጀምሩት፤ ሆድ ይቀየማል። ሲርባችሁ ሳይሆን ሰዓት እያያችሁ ብሉ።

ከጎን የሚመጣ ንፋስ ሌላ ጣጣ ነው። ጠርዛቸው ሰፋ ያለ የውድድር ጎማዎች እንደ ሸራ ንፋስ ይይዛሉ። ቁልቁለት ላይ፣ ከዛፍ ወይም ከሕንፃ ከለላ ስትወጡና ትልቅ መኪና ሲያልፋችሁ ድንገት ይገፋችኋል። ንፋስ ባለበት ቀን ተራ ጎማ ይበልጣል፤ እጃችሁንም ፍሬኑ አጠገብ አድርጉ። ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የተለመደውን ፍጥነት ለመጠበቅ መታገል ጉልበት ማባከን ነው። ፍጥነት መለኪያውን እርሱት፣ በትንፋሻችሁ ሂዱ።

መጠጥን በተመለከተ ሁለት ስህተት አያለሁ። አንዱ ጭራሽ አለመጠጣት ነው፤ ብርድ ጥማትን ይደብቃል፣ ሽንት ደግሞ ያበዛል። ሌላው፣ ለሙቀት ቀን የወጣውን የመጠጥ ዕቅድ በብርድ ቀን መከተል ነው። ላብ በሌለበት ብዙ ውሃ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም ያሳንሳል፤ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ያመጣል። በመጠኑ፣ እንደ ጥማታችሁ ጠጡ።

ቤተሰብ ምን ይመልከት?

የኖርዌዩ ኖርስማን ውድድር ከጀልባ ወደ ፊዮርድ ውሃ በመዝለል ይጀምርና ጋውስታቶፐን ተራራ ላይ ያልቃል። እዚያ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ አጋዥ ሰው ይዞ መምጣት ግዴታው ነው፤ ወደ ተራራው ሲወጡም የሙቀት ልብስ የያዘ ቦርሳ ይሸከማሉ። ይህን ደንብ በጣም እወደዋለሁ። ምክንያቱም ከውጭ የሚያይ ሰው ቀድሞ ያውቃል። ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩ ይደናቀፋል፣ ዕቃ ይጥላል፣ ያለ ምክንያት ይነጫነጫል ወይም ዝም ይላል። ሲንቀጠቀጥ የቆየ ሰው ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ካቆመ «ተሻለው» አትበሉ፤ ብሶበታል፣ አምቡላንስ ጥሩ።

እስከዚያው ከንፋስ አስገቡት፣ እርጥቡን ልብስ አውልቁ፣ አድርቁ፣ ራሱን ጨምሮ በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከመሬት ቅዝቃዜም ለዩት። ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ሞቅ ያለ ስኳር የበዛበት ሻይ ስጡት። እጅና እግሩን አትሹ፣ በፍል ሻወር ሥርም አታቁሙት፤ የደም ግፊቱ ወርዶ ይወድቃል። አረቄስ? አይሆንም! አረቄ የቆዳን የደም ሥር ይከፍትና ሙቀት ይሰማችኋል፤ የሚሞቀው ግን ቆዳው ነው፣ ውስጡ ይቀዘቅዛል።

የደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር ወይም አስም ያለባችሁ፣ ወይም በቤተሰባችሁ በወጣትነቱ ድንገት የሞተ ሰው ካለ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ሐኪም ጋ ቅረቡ። አስም ያለበት ሰው መንፊያውን ኪሱ ይያዝ፤ ቀዝቃዛ አየር የመተንፈሻ ቱቦን ያጠባል።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ ልመለስ። ከውሃ ስትወጣ ዌትሱቱን አውልቅ፣ በፎጣ ተጠረግ፣ ደረቅ የውስጥ ልብስ፣ ንፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ወፍራም ጓንት፣ የጫማ ሽፋንና ከሄልሜት ሥር ስስ ኮፍያ ልበስ። የቆዩ ብስክሌተኞች ቁልቁለት ሲወርዱ ደረታቸው ላይ ጋዜጣ ይሸጉጣሉ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። ለሩጫው ሌላ ደረቅ ካልሲና ማልያ አስቀምጥ። ይህ ሁሉ ምናልባት አምስት ደቂቃ ይወስድብሃል።

ሌላ ደግሞ ለባለቤቱ የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ። ሳይክሉ መንገድ ላይ 90ኛውና 150ኛው ኪሎሜትር ጋ ትቆምና ጥያቄ ትጠይቀዋለች፤ ካልመለሰ ውድድሩ አለቀ፣ ክርክር የለም። ይህን አሁን፣ ሁለቱም ሞቅ ባለ ሳሎን ተቀምጠው፣ ተስማምተዋል። መጀመሪያ «የልጆቻችንን የልደት ቀን ጠይቂው» ብያት ነበር። «ዶክተር፣ እሱን ብርድ ሳይመታውም አያውቀውም» አለችኝ። ከ100 ላይ ሰባት ሰባት እየቀነሰ እንዲቆጥር ተስማማን።